በአንድ እግር

ግራኝ ሆኜ ነው የተወለድኩት። አያቴ በግራ እጄ እንጀራ ስቆርስ ባየች ቁጥር «ኧረ በስመ አብ!» ብላ እጄን መታ ታደርገኝ ነበር። አንደኛ ክፍል ስገባ ደግሞ መምህሬ የቀረውን በማስመሪያ ጨረሱት። ሁለተኛ ክፍል ሳልደርስ ቀኝ ሆኜ አረፍኩ። ዛሬ በቀኝ እጽፋለሁ፣ በቀኝ እጨብጣለሁ፣ በቀኝ እጎርሳለሁ። ሽንኩርት የምከትፈው ግን በግራ ነው፤ እሱንም ሰው ከሌለ።

ይህን ያነሳሁት ስለ አንድ የቤዝቦል ተጫዋች ላወራችሁ ስለሆነ ነው። አትሂዱ፣ ቆዩኝ። ቤዝቦል ለአብዛኞቻችን ምን እንደሆነ አውቃለሁ። እኔ ራሴ አሜሪካ በኖርኩባቸው የመጀመሪያዎቹ አሥር ዓመታት፣ ሰዎች ቆመው ሱፍ እየፈለፈሉ የሚተፉበት፣ አልፎ አልፎ አንዱ ሳይታሰብ የሚሮጥበት ነገር ይመስለኝ ነበር። ልጄ አሥር ዓመት ሲሞላው እግር ኳሱን ትቶ «ቤዝቦል» አለ፤ እኔም በየቅዳሜው ሜሪላንድ ውስጥ ካለ አንድ ሜዳ አጥር ይዤ መቆም ጀመርኩ። ልጄም ግራኝ ነው። የእሱን እጅ ግን ማንም አልመታውም።

የመጀመሪያው ዓመት የስቃይ ዓመት ነበር። ወርዋሪው ገና እጁን ሲያነሳ ልጄ ዱላውን አወናጭፎ ጨርሷል። ኳሱ ቀስ ብሎ በኋላ ይደርሳል። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት፣ ውጣ። እኔም ከአጥሩ ጀርባ «ምታው! ምታው እንጂ!» እያልኩ በአማርኛ እጮሃለሁ፤ እኔ ስጮህ እሱ ይብስበታል። አንድ ቅዳሜ አሠልጣኙ፣ ዶሚኒካን ሪፐብሊክ የተወለዱ ሽማግሌ፣ ወደ አጥሩ ጠጋ አሉና በትሕትና «ለዚህ ልጅ አንድ አሠልጣኝ ይበቃዋል» አሉኝ። ተናደድኩም፣ አፈርኩም።

ያን ማታ እንቅልፍ እምቢ አለኝና ስልኬ ላይ የመምታት ትምህርት ፍለጋ ገባሁ። መዓት አሜሪካዊ ወገብህን እንዲህ፣ ክርንህን እንዲያ ይላል። መሃል ላይ አንድ አሮጌ ጥቁርና ነጭ ፊልም መጣ። አንድ ሰው ዱላ ይዞ ቆሟል። ወርዋሪው መጠማዘዝ ሲጀምር ሰውዬው ቀኝ እግሩን ከመሬት አነሳ፤ ጉልበቱ እስከ ወገቡ ደረሰ። እዚያው ቀረ። አብያታ ሐይቅ ዳር እንደሚቆሙት ፍላሚንጎዎች፣ በአንድ እግሩ፣ ሳይወዛወዝ፣ ኳሱ እየመጣ ሳለ ቆመ። ከዚያ እግሩ ወረደ፣ ዱላው ዞረ፣ ካሜራው ኳሱን ፍለጋ ወደ ሰማይ ሄደ።

ሦስት ጊዜ ደጋግሜ አየሁት። ልጄን ያቃተው ነገር ይኸው ነበር፤ መቆየት።

ሰውዬው ሳዳሃሩ ኦ ይባላል። ኦ የአባቱ የቤተሰብ ስም ነው፤ የሚጻፍበት ፊደል ንጉሥ ማለት ሲሆን ቻይናዎች ያንኑ ፊደል ዋንግ ብለው ያነቡታል። አባቱ ከቻይና፣ ከዠጂያንግ የመጡ ሰው ነበሩ፤ እናቱ ጃፓናዊት ናቸው። ቶኪዮ ውስጥ በሱሚዳ ሰፈር ትንሽ የኑድል ቤት ነበራቸው። ልጁ በሜይ 1940 ተወለደ (ዓመቶቹን ሁሉ እንደ ፈረንጆቹ ነው የምጽፈው)፤ መንትያው የነበረችው እህቱ ሁለት ዓመት ሳይሞላት ሞተች። የአባትየው ሕልም ትልቁ ልጅ ሐኪም፣ ትንሹ የኤሌክትሪክ መሐንዲስ ሆነው ቻይና ተመልሰው አገር እንዲረዱ ነበር። ይህን ሕልም የማያውቅ ሐበሻ ወላጅ ካለ እጁን ያውጣ! ትልቁ ልጅ በእርግጥም ሐኪም ሆነ። ትንሹ ከሰፈር ልጆች ጋር ኳስ ሲያባርር ይውላል።

አንድ ቀን ሱሚዳ ወንዝ አጠገብ ባለው መናፈሻ ልጆች ሲጫወቱ ሂሮሺ አራካዋ የሚባል ሰው በዚያ ያልፋል። አራካዋ ያኔ ፕሮፌሽናል ተጫዋች ነው፤ እንደ መቺ ግን ተራ ነበር፣ ማንም በመቺነቱ አያስታውሰውም። አንድ ረዘም ያለ ልጅ ኳሱን በግራ እጁ እየወረወረ፣ ለመምታት ግን በቀኝ ሲቆም አየ። ለምን በግራ እንደማይመታ ጠየቀው። ልጁም በሚቀጥለው ተራው ዞሮ ቆመ፤ ኳሱም ሩቅ ሄደ።

ይህን ስሰማ በሳቅ ሞትኩ፣ ከዚያ ዝም አልኩ። ልጁ ለምን በቀኝ እንደሚመታ ራሱም አጥርቶ አያውቅም ነበር። ሰው ሁሉ እንደዚያ ስለሚመታ ነዋ። ጃፓንም እንደኛው፣ በግራ መብላትና መጻፍ ሲያርሙ የኖሩበት አገር ነው። ልዩነቱ አንድ መንገደኛ ቆም ብሎ መጠየቁ ነው።

በ1957 የአሥራ ስድስት ዓመት ልጅ ሆኖ የዋሴዳ ጂትሱግዮ ትምህርት ቤት ወርዋሪ ነበር። ኮሺዬን በሚባለው ሜዳ የሚደረገው የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ውድድር ጃፓን ውስጥ ትንሽ ነገር አይደለም፤ አገር ሥራ ፈትቶ የሚያየው ነው። ጣቱ ቆስሎ ኳሱ ደም እየነካው ወረወረ፤ ትምህርት ቤቱም ዋንጫውን ወሰደ። በዚያው ዓመት መኸር ላይ ብሔራዊ የስፖርት ፌስቲቫል ሲመጣ ግን ዜግነቱ የጃፓን ስላልሆነ አይሰለፍም ተባለ። የአባቱ ልጅ ነበርና በወረቀት ቻይናዊ ነው። የቡድኑ ጓደኞች ተጫወቱ፣ እሱ ቀረ። ፓስፖርቱ እስከ ዛሬም የሪፐብሊክ ኦፍ ቻይና፣ ማለትም የታይዋን ነው። ጃፓን ውስጥ ተወልዶ፣ አድጎ፣ ተሸልሞ፣ አርጅቶ፣ አልቀየረውም። እኔ በበኩሌ ባልቲሞር አንድ አዳራሽ ውስጥ ቀኝ እጄን አንስቼ ምዬ ቀይሬአለሁ። ቀኝ እጄን፤ ልብ በሉልኝ።

በ1959 የአገሪቱ ትልቁ ቡድን ዮሚዩሪ ጃያንትስ ወሰደው፣ ወርዋሪነቱን አስትቶ አንደኛው ቤዝ ላይ፣ መቺዎች በሩጫ ከሚደርሱባቸው ጣቢያዎች የመጀመሪያው ላይ፣ አቆመው። በመጀመሪያዎቹ 26 ሙከራዎቹ አንድም ኳስ በወጉ አልመታም፤ 27ኛው ሆም ራን ሆነ፣ ከአጥር ማዶ። ከዚያ በኋላም ብዙ አልተሻለውም። በዚያ ዓመት 7 ሆም ራን መታ፣ 72 ጊዜ ደግሞ በስትራይክ፣ ማለትም ሦስት ጥሩ ኳስ አምልጦት፣ ወጣ። ተመልካቹ በስሙ ይቀልድ ጀመር፦ «ኦ! ኦ! ሳንሺን ኦ!» ሳንሺን በስትራይክ መውጣት ነው፣ ኦ ንጉሥ፤ የባዶ እጅ ንጉሥ እንደ ማለት። ሦስት ዓመት እንዲህ አለፈ። ማታ ማታ ጊንዛ ሲዝናና የሚያመሽ፣ ጠዋት እግሩን የሚጎትት፣ ሊሆን ሲችል ያልሆነ ልጅ።

በ1962 ጃያንትስ የመቺዎች አሠልጣኝ ቀጠረ። ያ የመናፈሻው መንገደኛ አራካዋ ነበር!

የአንድ አሠልጣኝ ሥራ ምን ያህል ጠባብ ሊሆን እንደሚችል የገባኝ ከዚህ በኋላ ያለውን ሳነብ ነው። ወርዋሪው ከመቺው የሚርቀው 18 ሜትር ከግማሽ አይሞላም፤ ኳሱ ያን ርቀት ከግማሽ ሴኮንድ ባነሰ ጊዜ ይጨርሰዋል። ኦ ጉልበት ነበረው፣ ዓይን ነበረው። ችግሩ ኳሱ ሳይደርስ ሰውነቱ ወደፊት መሄዱ፣ እጁም ቀድሞ መወዛወዙ ነበር። አራካዋ «አትቸኩል» ብሎ ቢነግረው ኖሮ እኔ አጥር ይዤ ከምጮኸው አይሻልም ነበር። እሱ ግን እግርህን አንሳ አለው። በአንድ እግር የቆመ ሰው ወደፊት ልሂድ ቢል ይወድቃል፤ ምክሩን ጉልበቱ ራሱ ይነግረዋል።

ጁላይ 1 ቀን 1962 ካዋሳኪ ስታዲየም በጨዋታ መሃል ለመጀመሪያ ጊዜ እግሩን አነሳ፤ በዚያው ቀን ሆም ራን መታ። በዓመቱ መጨረሻ 38 ደረሰ። ከዚያ በፊት የነበረው ትልቁ 17 ነበር። በዚያው ዓመት የጀመረውን የሆም ራን አንደኝነት 13 ዓመት በተከታታይ ማንም አልነጠቀውም።

ይህን ስትሰሙ አንድ ዘዴ ተገኘ፣ ነገሩ ተፈታ የሚል ይመስላል። እንደዚያ አይደለም። አራካዋ አይኪዶ የሚባለው የጃፓን የትግል ጥበብ ተማሪ ነበርና ልጁን የአይኪዶ መሥራች ወደሆኑት ወደ ሞሪሄ ኡዬሺባ ማሠልጠኛ ወሰደው። እዚያ «ማ» የሚሉት ነገር አለ፤ በአንተና በባላጋራህ መካከል ያለው ክፍተት፣ ርቀቱም ጊዜውም። ኳስ ወርዋሪው ጠላት መሆኑ ቀርቶ አብረውት የሚተነፍሱት ሰው ይሆናል። ቤት ውስጥ ደግሞ ከጣሪያ ላይ አንድ ቁራጭ ወረቀት ይንጠለጠላል፣ ኦ የእውነት የጃፓን ጎራዴ ይዞ፣ በውስጥ ሱሪ ብቻ ሆኖ፣ ያን ወረቀት ይቆርጣል። ወረቀት በጉልበት አይቆረጥም፤ ከገፋኸው ይሸሻል። በወገብ ተወርዶ፣ ስለቱ ቀጥ ብሎ ሲመጣ ብቻ ለሁለት ይከፈላል። ይህን ሌሊት ሌሊት፣ ከጨዋታ በፊትም በኋላም፣ ለዓመታት። የአራካዋ ቤት ምንጣፍ፣ ያ ከሣር የሚሠራው ታታሚ፣ የኦ እግር በሚቆምበት ቦታ ተበልቶ አለቀ።

እኔ በተጫዋችነት ዘመኑ ሁሉ ከመታቸው 868 ሆም ራኖች ይልቅ ያን የተበላ ምንጣፍ ነው የማስበው።

በ1964 በአንድ የውድድር ዓመት 55 ሆም ራን መታ። ያ ዓመት ለኛ ሌላ ትርጉም አለው፦ ኦክቶበር 21 ቀን አበበ ቢቂላ ቶኪዮ ላይ ማራቶንን ለሁለተኛ ጊዜ ያሸነፈበት፣ ጨርሶም ሣሩ ላይ ሰውነቱን ሲያፍታታ ዓለም አፉን ይዞ ያየበት ዓመት። ጃፓኖች ኦሎምፒኩ ከመግባቱ በፊት ቤዝቦላቸውን ሊጨርሱ ተጣድፈው ነበር፤ ሆኖም የፍጻሜው ሰባተኛ ጨዋታ ኦሎምፒኩ በተከፈተበት በኦክቶበር 10 ምሽት ላይ ወደቀ። ያን ዋንጫ የወሰደው ናንካይ ሆክስ የሚባል የኦሳካ ቡድን ነው። ይህን ቡድን ያዙልኝ፣ እንፈልገዋለን።

የተጫዋችነቱን ቀሪ ዘመን በሩጫ ልለፈው፤ ቁጥር ነውና። ከ1965 እስከ 1973 ጃያንትስ በአሠልጣኝ ቴትሱሃሩ ካዋካሚ ሥር ዘጠኝ ዓመት በተከታታይ ዋንጫ ወሰደ። ከጎኑ ሺጌኦ ናጋሺማ ነበር፤ ሕዝቡ ነፍሱን የሚሰጥለት፣ ሳቂታ፣ የተወደደ። ጃፓኖች «የመዝገቡ ኦ፣ የትዝታው ናጋሺማ» ይላሉ። ኦ ይከበራል፣ ናጋሺማ ይወደዳል። በሴፕቴምበር 3 ቀን 1977 ኮራኩኤን ስታዲየም 756ኛውን መታና የአሜሪካዊውን የሃንክ አሮንን 755 አለፈ። መንግሥት ለዚያ ብሎ የሕዝብ ክብር ሽልማት የሚባል አቋቁሞ የመጀመሪያውን ለእሱ ሰጠ፤ በወረቀት የውጭ አገር ሰው ለሆነው። አሜሪካኖች እስከ ዛሬ «የጃፓን ሜዳ ጠባብ ነበር፣ ወርዋሪዎቹ ደካማ ነበሩ» ይላሉ። ይበሉ። ኳስ 868 ጊዜ ከአጥር ማዶ የላከ ሌላ ሰው ያምጡ። በ1980፣ በአርባ ዓመቱ፣ 30 ሆም ራን በመታበት ዓመት አቆመ። 30 ለሌላው የሕይወት ዘመን ጌጥ ነው፤ እሱ ግን የራሱ አመታት እንደጠፋበት ተናግሮ ዱላውን ሰቀለ።

አሁን ወደ ጉዳዬ ልምጣ። እስካሁን ያወራሁት መግቢያ ነበር ብላችሁ አትቀየሙኝ።

ሦስት ዓመት ምክትል ሆኖ ከሠራ በኋላ በ1984 የጃያንትስ ዋና አሠልጣኝ ሆነ። ሁሉም ሰው፣ እኔም ብሆን፣ የዓለም ታላቁ መቺ መቺዎችን ይሠራል ብሎ ይጠብቃል። አልሆነም። ያ እግር የእሱ ብቻ ነበር። በአንድ እግር ቆመው የሞከሩ ነበሩ፤ እሱ የደረሰበት ግን አንድም አልደረሰም። ምንጣፍ እስኪበላ የቆመ ሰው ከሌላው ሰው ምን ይጠብቃል? ያንኑ። ሌላው ሰው ደግሞ ያንን አይደለም። በዚያ ላይ ጨዋታ ሲከብደው የሚያምነው አንድ ወርዋሪ ነበረው፣ ካቶሪ። ነገር በተበላሸ ቁጥር ኦ ከመቀመጫው ተነስቶ ለዳኛው ስሙን ይጠራል፤ «ወርዋሪ፣ ካቶሪ» የሚለው ከመለመዱ የተነሳ የአገር ቀልድ ሆነ። ሲጨንቀው የሚቸኩል አሠልጣኝ ነበር። ዱላ ይዞ መጠበቅን የዓለም ሕዝብ ከእሱ ይማራል፣ አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጦ መጠበቅ ግን አልሆነለትም።

በ1987 የሊጉን አንደኝነት አገኘና ለፍጻሜ ከሴይቡ ላየንስ ጋር ተገናኘ። በስድስተኛው ጨዋታ አንዱ የሴይቡ መቺ፣ ኮጂ አኪያማ፣ ወደ መሃል ሜዳ ቀላል ኳስ መታ። አንደኛው ቤዝ ላይ የነበረው ጓደኛው በእንዲህ ያለ ምት ሦስተኛው ላይ ይቆማል፤ ያ ግን ሳይቆም ነጥብ እስከሚቆጠርበት እስከ መነሻው ቤዝ ሮጠ። የጃያንትሱ የመሃል ተከላካይ ኳሱን ሲመልስ ዘገምተኛ መሆኑን አስቀድመው አጥንተውት ነበር። ነጥብ ገባ፣ ዋንጫው ሄደ። በቀጣዩ ዓመት ኦም ሄደ፤ ሠላሳ ዓመት ከኖረበት ቤት በክብር ቃል ተሸኘ። በኋላ ያን ወንበር እንደገና ለናጋሺማ ሰጡት።

አንድ የማልወድለትን ነገር ደግሞ መናገር አለብኝ። በ1985 ራንዲ ባስ የሚባል አሜሪካዊ ለሃንሺን ታይገርስ ሲጫወት 54 ሆም ራን ደረሰ፤ የ1964ቱን 55 ለመድረስ አንድ ይቀረዋል። የመጨረሻ ጨዋታዎቹ ከኦ ቡድን ጋር ነበሩ። የጃያንትስ ወርዋሪዎች ኳሱን ሆን ብለው እያራቁ ባስን በነጻ ወደ አንደኛው ቤዝ አሳለፉት፣ ደጋግመው። 54 ላይ ቀረ። ኦ አላዘዝኩም ብሏል። በ2001 ተፊ ሮድስ፣ በ2002 አሌክስ ካብሬራ እኩል 55 ደርሰው 56ኛውን ሲፈልጉ፣ ከኦ ቡድን ጋር ሲገናኙ ያው ነገር ተደገመ። ያኔ አንዱ ረዳት አሠልጣኝ የኦን መዝገብ የውጭ ሰው ሲሰብረው ማየት እንደማይፈልግ በግልጽ ተናገረ።

የውጭ ሰው! ስለማን መዝገብ ነው የሚያወሩት? በ1957 በፓስፖርቱ ምክንያት ከሜዳ የቀረው ልጅ መዝገብ እኮ ነው። እንዳላዘዘ አምነዋለሁ። ግን አለማዘዝና አለመከልከል አንድ አይደሉም፤ አሠልጣኝ ደግሞ የተቀመጠው ለመከልከል ነው። አንድ ቃል ይበቃ ነበር። ያ ዝምታ ምን እንደሆነ አስቤ አስቤ የደረስኩበት፣ ስደተኛ ሆኖ የተወደደ ሰው የሚወዱትን ሰዎች መገሠጽ ይከብደዋል የሚል ነው። ይህ ማስረዳት እንጂ ማሳበብ አይደለም። መዝገቡ በመጨረሻ በ2013 ተሰበረ፤ ዋላዲሚር ባለንቲን የሚባል የኩራሳዎ ልጅ 60 አደረሰው። ኳስ ወረወሩለት፣ መታ፣ ሰማይም አልወደቀም።

ወደ ሆክስ እንመለስ። ያ በ1964 ዋንጫ የወሰደው ቡድን ባለቤቱም ከተማውም ተቀይሮ ዳይዬ ሆክስ ተብሎ ፉኩኦካ ገብቷል። ከ1978 ጀምሮ ሁልጊዜ በሠንጠረዡ ታችኛው ግማሽ ነበር። ኦ በ1995 እዚህ ቡድን ላይ ተሾመ። ቶኪዮ ተወልዶ ያደገ ሰው፣ ከጃያንትስ ሌላ ልብስ ለብሶ የማያውቅ፣ ሃምሳ አምስተኛ ዓመቱ ላይ።

መጀመሪያ ላይ እዚህም አልሆነም። ሜይ 1996 ኦሳካ ላይ ተሸንፈው ሲወጡ የራሳቸው ደጋፊዎች አውቶቡሱን ከበው በእንቁላል ደበደቡት። አስኳሉ በመስኮቱ ላይ እየተንሸራተተ ይወርዳል። ውስጥ ያሉት ተጫዋቾች እንደተናገሩት ኦ ከፊት ተቀምጦ ነበር፤ ጎንበስ አላለም፣ ፊቱን ወደፊት እንዳደረገ ቆየ። በኋላም ለተጫዋቾቹ፣ እንቁላል የወረወሩት እውነተኛ ደጋፊዎች እንደሆኑ፣ የሚመለስላቸውም በማሸነፍ ብቻ እንደሆነ ነገራቸው። በዚያ ዓመት በሊጉ የመጨረሻውን ደረጃ ይዘው ጨረሱ።

ይህን ታሪክ ከእግሩ ታሪክ አጠገብ አስቀምጬ አየሁት። ኳሱ እየመጣ ነው፣ ሰውዬው አይወዛወዝም። አራካዋ ለእሱ እግር ሰጠው፤ እሱ ግን ለሌላ ሰው እግር ሊሰጥ አልቻለም። አውቶቡሱ ውስጥ የነበሩት ግን አዩት። ያኔ ወጣት መቺ የነበረው ሂሮኪ ኮኩቦ ያን ቀን ደጋግሞ ያነሳዋል፤ በ2024 ራሱ የዚያው ቡድን ዋና አሠልጣኝ ሆኗል። ተቀባዩ ኬንጂ ጆጂማ በስህተቱ ብዛት ሲተች ኦ ከሜዳ አላወጣውም፤ በኋላ አሜሪካ ሄዶ ሲያትል ተጫወተ። ኖቡሂኮ ማትሱናካ በ2004 ሦስቱንም የመቺነት አንደኝነቶች በአንድ ዓመት ጠቀለለ። ይህ ሰው የካቶሪን ስም የሚጠራው ኦ አይመስልም።

በ1999 ሆክስ ዋንጫ ወሰደ። ከስንት ዓመት በኋላ? ከ1964ቱ የኦሎምፒክ ምሽት ወዲህ፣ 35 ዓመት። የቡድኑ አምበል አንድ የሠላሳ ሰባት ዓመት አዛውንት ነበር፤ ያ በ1987 ወደ መሃል ሜዳ መትቶ ኦን ያሳዘነው ኮጂ አኪያማ። ኦ ወንበሩን ሲለቅ የተካውም እሱው ነው። እንዲህ ያለውን ነገር ደራሲ ቢጽፈው አበዛው ይባላል።

የቀረውን ባጭሩ። በ2000 ፍጻሜው ላይ ከናጋሺማው ጃያንትስ ጋር ተገናኝቶ ተሸነፈ። በ2001 መጨረሻ ሚስቱ በጨጓራ ካንሰር ሞቱ። በ2003 ዋንጫ። በማርች 2006 በመጀመሪያው የዓለም ቤዝቦል ክላሲክ፣ እነ ኢቺሮን ይዞ፣ ሳን ዲዬጎ ላይ ኩባን 10 ለ 6 አሸንፎ ጃፓንን የዓለም ሻምፒዮን አደረገ። ፓስፖርቱ የሌላ አገር የሆነ ሰው፣ ደረቱ ላይ ጃፓን ተጽፎ፣ ልጆቹ ወደ ላይ ሲወረውሩት ፊልሙ አለ። አራት ወር ሳይሞላ እሱም የጨጓራ ካንሰር ተገኘበትና ጨጓራው በሙሉ ወጣ። በቀጣዩ ዓመት ከስቶና ልብሱ ሰፍቶት ወንበሩ ላይ ተመልሶ ተቀመጠ። በ2008 ቡድኑ መጨረሻ በወጣበት ዓመት ተሰናበተ፤ በሊቀመንበርነት ግን አብሮ ቀረ።

አራካዋ በ2016 ሞተ። የራሱ ዋና አሠልጣኝነት፣ ያኩልት በሚባል ቡድን፣ ብዙም የሚወራለት አልነበረም።

ከኦ ቁጥሮች ሁሉ ልጄን ያስደነቀው አንዱ ነው። 868 ስለው «እሺ» አለኝ። 2,390 ጊዜ ሳይመታ በነጻ ወደ አንደኛው ቤዝ ሄዷል ስለው ግን ከስልኩ ቀና አለ። «ዝም ብሎ ቆሞ?» አለኝ። ዝም ብሎ ቆሞ አልኩት። አራት መጥፎ ኳስ እያየ፣ አንዱንም ሳይነካ።

ባለፈው ቅዳሜ ብርድ ነበር። የኛ ልጆች በአንድ ነጥብ ተመርተዋል፣ ልጄ ተራው ደረሰ። አጠገቤ የቆመ አንድ አባት «ምታው!» ማለት ጀመረ፤ ለማን እንደሚል እንኳ አላውቅም፣ የእሱ ልጅ ወንበር ላይ ነው። የመጀመሪያው ኳስ ከፍ ብሎ ሄደ። ልጄ ትከሻው ተንቀጠቀጠ፣ ዱላው ግን አልወጣም። ሁለተኛው ስትራይክ ነበር፣ እሱንም አየው። ሦስተኛው መሬት ነካ። አሠልጣኙ ሽማግሌ እጃቸውን ደረታቸው ላይ አጣጥፈው ወደ እኔ ዞር ብለው አዩ። አፌ ተዘግቷል፤ የአጥሩን ሽቦ በሁለት እጄ ይዤዋለሁ። አራተኛው፣ አምስተኛው፣ ሁለቱም ወደ ውጭ።

ዱላውን ሣሩ ላይ አስቀመጠና ወደ አንደኛው ቤዝ እየሮጠ ሄደ። መሮጥ አያስፈልገውም ነበር።